የሽንፋ ድንጋይ ጠራቢዎች

በደብረ ማርቆስ ስለ ድንጋይ ሥራ ሲነሣ ዐይን የሚያርፈው በቤተ ክርስቲያን ግንብ ወይም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ላይ ነው። እኔ ግን ቀዳሚነቱን የምሰጠው ከመተማ ቆላ ለወጡ ጥቃቅን ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች ነው።

የተገኙበት ቦታ ሽንፋ-መተማ 1 ይባላል፤ ያለውም በሽንፋ ወንዝ ዳር ነው። ሽንፋ ሱዳን ገብቶ ራሃድ ይባልና ዓባይን ይቀላቀላል። በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው የጨሞጋ ወንዝም መድረሻው ዓባይ ነው። በጆን ካፕልማን የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳወጣው፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ሰው ሰፍሮ ነበር። ዘመኑን የነገራቸው ከኢንዶኔዥያው የቶባ እሳተ ገሞራ በንፋስ የመጣ፣ ከሰው ፀጉር የሚቀጥን የመስታወት ብናኝ ነው።

ከአፈሩ 16,000 ያህል የተፈለጠ ድንጋይ ወጥቷል፤ አብዛኛው ስብርባሪ ነው። ስብርባሪውን አልንቀውም፤ እዚያው ተቀምጠው ይጠርቡ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው። ስለቶቹ ግን ሌላ ናቸው፤ ግራና ቀኛቸው የተመጣጠነ፣ ጫፋቸው ሹል፣ ገላቸው ስስ። ድንጋይ እንደ እንጨት አይላግም፤ ከጠርዙ ተመትቶ ነው የሚፈለጠው። ምቱ ጥቂት ከበረታ ወይም ከአቅጣጫው ከወጣ ሥራው ሁሉ ይከፈላል፤ መልሶ መለጠፍ የለም። ትልቅ ጦር ትንሽ ጉድለት ይችላል፤ ትንሽ ስለት ግን አይችልም። ተመራማሪዎቹ ከመጠናቸውና ከቅርጻቸው ተነሥተው የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ፤ ይህ ከጸና በዓለም ካሉት ቀደምት የቀስት ማስረጃዎች አንዱ ይሆናል። እኔን የሚያሳምነኝ ሚዛናቸው ነው፦ አንድ ጎኑ የከበደ ፍላጻ ዒላማውን ይስታል። ጠራቢው ለእጅ መያዣነቱ ሳይሆን ለበረራው ነበር የሚሠራው።

ከቶባ በኋላ አገሩ መድረቁን የሰጎን ዕንቁላል ቅርፊት ያሳያል። ወንዙ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣው በየኩሬው ተወሰነ፤ በቦታው ከተገኙት የእንስሳት አጥንቶች መካከል የዓሣው ድርሻም ከ14 በመቶ ወደ 52 በመቶ አደገ። ሚዳቋና ጦጣም ይበሉ ነበር። አንዱ ኩሬ ሲነጥፍ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ቡድኑ የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ በበጋ ወንዞች መስመር ሊሆን ይችላል ይላል። ለዚህ ዓይነቱ መንገደኛ ከባድ ጦር ሸክም ነው፤ ስለቶቹ ያነሱት ለዒላማ ብቻ ሳይሆን ለጉዞም ይመስለኛል።