ሂሳቡ ተዘግቶ የሚደርስ ትእዛዝ

4፣ 228፣ 4፣ 0፣ 255፣ 20።

እነዚህ ስድስት ባይቶች ከኮምፒውተሩ ተነሥተው በሲሪያል ገመድ በባርኮድ ስካነሩ ውስጥ ባርኮዱን ለሚፈታው ዲኮደር ሲደርሱ፣ ማንም ቁልፍ ሳይነካ ቀዩ ብርሃን ቦግ ይላል። በተለመደው የ9600 ቢት ፍጥነት ጉዞው 7 ሚሊሴኮንድ እንኳ አይሞላም።

ቋንቋው ሲምፕል ሲሪያል ኢንተርፌስ ይባላል፤ የአሜሪካው ሲምቦል ቴክኖሎጂስ ሥራ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ሞቶሮላ፣ የስካነር ዘርፉ በ2014 ወደ ዚብራ ተላልፏል። ባለቤት ሲቀያየር ቋንቋው ጸንቶ ቆየ። ለምን እንደጸና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ይገባል።

የመጀመሪያው 4 ርዝመቱን ይናገራል፤ ራሱን ጨምሮ፣ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች በፊት ያሉት አራት ናቸው። ተቀባዩ የት እንደሚያበቃ ገና ከጅምሩ ያውቃል። 228 ትእዛዙ ነው፦ «ማንበብ ጀምር»። ቀጣዩ 4 ላኪው ማን እንደሆነ ይገልጻል፤ ኮምፒውተሩ 4፣ ዲኮደሩ 0 ነው። ከዚያ የሁኔታ ባይት ይከተላል፤ ከቢቶቹ አንዱ «ይህን ቀደም ሲልም ልኬው ነበር» ለማለት የተቀመጠ ነው።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው መጨረሻውን ነው። አራቱ ሲደመሩ 236 ይሆናሉ። 255 እና 20 እንደ አንድ ባለ16 ቢት ቁጥር ሲነበቡ 65300 ናቸው። ሁለቱ ተደምረው 65536 ይሰጣሉ፤ ይህ 16 ቢት ከሚይዘው በአንድ ስለሚበልጥ ቆጣሪው ሞልቶ ዜሮ ላይ ያርፋል። ዲኮደሩ ደምሮ ዜሮ ካገኘ ሂሳቡ ተዘግቷል። በመንገድ ላይ አንዲት ቢት ብትገለበጥ ድምሩ ያጋልጣታል።

መልሱም የታሰበበት ነው። በደህና የደረሰ ትእዛዝ 208 ይመለስለታል። ያልሆነለት 209 ይመጣለታል፤ ምክንያቱም አብሮ ይነገረዋል፦ ድምሩ አልገጠመም፣ ትእዛዙ አይታወቅም ወይም አልተፈቀደም። ዲኮደሩ ባርኮድ አንብቦ ሲልክም በተራው የኮምፒውተሩን መልስ ይጠብቃል። አዛዥም ታዛዥም ለአንድ ሥርዓት ያድራሉ።

ትእዛዞቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰልፈዋል፤ 228 ጀምር፣ 229 አቁም፤ 231 መብራቱን አብራ፣ 232 አጥፋ፤ 233 ንባብ ፍቀድ፣ 234 ከልክል። ኃይል ለመቆጠብ ላንቀላፋ ዲኮደር ደግሞ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ አንዲት ባዶ ባይት ይልክና ጥቂት ይታገሣል። ሰው ቤት ስንሄድ ደጁን አንኳኩተን እንደምንቆመው ነው።

ይህን ያበጁት ባለሙያዎች ገመድ ቃል እንደሚያዛባ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ትንሿን ትእዛዝ እንኳ ያለ ልኳ፣ ያለ ላኪዋና ያለ ማስረጃዋ አልሰደዱም። ኮምፒውተሩ ስካነሩን «ጢጥ» የሚያሰኝበት ትእዛዝ 230 ነው። ጆሯችን የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው፤ ትእዛዙ ግን እዚያ የደረሰው ሂሳቡን ዘግቶ ነው።