ምንጭን በቦታው መጥቀስ፤ የሐይቅና የአምባሰል ታሪክ በተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ

ተማሪዎች ስለ አካባቢያቸው ታሪክና ባህል የጥናት ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ መደረጉ የሚደገፍ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ አንድ ጉድለት ደጋግሞ ይታያል። ይኸውም በመጨረሻው ገጽ የመጻሕፍት ዝርዝር ተደርድሮ ሳለ፣ የትኛው ዐሳብ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተወሰደ በጽሑፉ ውስጥ አለመገለጡ ነው። «ታሪክ እንደሚያስረዳው» የሚለው ሐረግ የምንጩን ቦታ ይይዛል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ታሪክ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ መነኮሳት ነበራቸው የሚባለውን ድርሻ አንዱ ትውፊት ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ሌላው ለአባ ኢየሱስ ሞአ ይሰጣል። ገድለ ኢየሱስ ሞአ የተጻፈው ጻድቁ ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ። በአንጻሩ አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል የ1273 ዓ.ም. ነው፤ በውስጡ የሚገኙት ማስታወሻዎች ግን በተለያየ ዘመን የተጨመሩ ናቸው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሐረግ ጠቅልሎ የሚያልፍ ተማሪ የዘመኑን ምስክር ከኋለኛው ትረካ ጋር ይቀላቅላል፤ አንባቢውም የሚመዝንበትን ሚዛን ያጣል።

ብራናውን ያላየ ተማሪ እንዳየ አድርጎ መጥቀስም አይገባውም። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቅ አበ ምኔቶች ባሳተሙት ጥናት በኩል ያገኘው ከሆነ፣ ይህንኑ ከነገጹ መግለጽ አለበት። ደራሲው የሚጠራው «ታደሰ» ተብሎ እንጂ በአባቱ ስም «ታምራት» ተብሎ አይደለም። የዘመን አቈጣጠሩም ይለይ፤ የወንጌሉ 1273 ዓ.ም. በአውሮፓውያን 1280/81 ስለሚሆን፣ ያልተለየ ቍጥር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ያስከትላል።

የቃል ምንጭም ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለም። አምባሰል የአገሩም፣ ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱም ስም ነው። ስለ ቅኝቱ አመጣጥ ወይም ስለ ግሸን አምባ የሚጽፍ ተማሪ «አባቶች እንደሚሉት» ብሎ ቢያልፍ፣ የተናገሩት አዛውንት የድካማቸውን ዋጋ ያጣሉ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪም ቃሉን ሊያጣራ አይችልም። ስለዚህ የተናጋሪው ስም በፈቃዱ፣ ዕድሜው፣ ቀበሌውና ቃሉ የተሰጠበት ቀን በየቦታው መጻፍ አለባቸው።

ወቀሳው ግን በተማሪው ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። መምህሩ የዝርዝሩን ርዝመት ቈጥሮ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ፣ ተማሪው ያላነበበውን መጽሐፍ መደርደርን ይማራል። ከአንድ ጽሑፍ ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን መርጦ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ከዚያ ይልቅ ይጠቅማል። የሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆችም የምንጭ አጠቃቀስን በመመረቂያ ዓመት ብቻ ሳይወስኑ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ከታሪክና ከአማርኛ ትምህርት ጋር ሊያስተሳስሩት ይገባል። ምንጩን በቦታው የገለጸ ጽሑፍ ቢሳሳት እንኳ ይታረማል፤ ምንጩን የሸሸገ ግን እውነት ቢሆንም አይታመንም።