አቤት የሚል ስም
አሰላ ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ ስለ አርሲ ሯጮች የሚያነብ ሰው የማውሱን ቀስት የቦቆጂዋ ልጅ የ«ደራርቱ ቱሉ» ስም ላይ ሲያሳርፍ የፊደሉ ቀለም ከተለወጠ፣ ስሙ አቤት አለው ማለት ነው። ገና ሳይጫን፣ ከስሙ ጀርባ ሌላ ገጽ እንዳለ ያውቃል።

ይህን ውለታ የምትውለው «ሆቨር» የምትባል፣ የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው የሲኤስኤስ ቋንቋ ቃል ናት። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛው የሲኤስኤስ ደረጃ ውስጥ ገባች። ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃታል፤ ቦታዋ ግን የተጎበኙ ሊንኮችን ቀለም ከሚወስነው መስመር በኋላ ነው፤ ከቀደመች የኋለኛው ይሽራታል።

በጣት በሚነካ ስልክ ላይ ቀስት የለም፤ ቀለም መለየት የሚቸግረው አንባቢም አለ። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ሊንኩን ከሥሩም ያሰምርበታል። እኔ ይህችን የሆቨር አንድ መስመር የምወዳት አንባቢን ከመገመት ስለምታድነው ነው።