ገመና መደበቅና ገመና መሸፈን፦ ስለ «ክራንፎርድ»

«ክራንፎርድ»ን ያነበበ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፤ «ምን ታሪክ አለው? የአሮጊቶች ሻይና ወሬ ነው እንጂ!» እውነት አለው። በመጽሐፉ ውስጥ ጦርነት የለም፤ አድማ የለም፤ ሀብታምና ድኃ ፊት ለፊት አይገጥሙም። ደራሲዋ ኤልዛቤት ጋስኬል እ.ኤ.አ. በ1848 ባሳተመችው «ሜሪ ባርተን» የማንቸስተርን ፋብሪካ ሠራተኞች ረኀብ የጻፈች ሴት ናት። ታዲያ ይህችው ሴት ከጥቂት ዓመት በኋላ ስለ ቆብና ስለ ሻማ ቁጠባ መጻፏ ሽሽት አይደለም ወይ? የሚሉ አሉ። እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ድርሰቱ የወጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው «ሀውስሆልድ ወርድስ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ከ1851 እስከ 1853 እየተቆራረጠ ቀርቦ፣ በዚያው በ1853 መጽሐፍ ሆነ። ለከተማዋ መነሻ የሆነችው በእንግሊዝ አገር፣ በቼሻየር አውራጃ የምትገኘው ነትስፈርድ ናት፤ ደራሲዋ በሕፃንነቷ እናቷ ሞታባት ከአክስቷ ዘንድ ያደገችው እዚያ ነው። ተራኪዋ ሜሪ ስሚዝ እየመጣች የምትሄድ እንግዳ ናት። የታሪኩ ልብ ግን ሚስ ማቲ ናት፤ ሳታገባ ዕድሜዋ የገፋ፣ ታላቅ እኅቷን ስትፈራ የኖረች የቄስ ልጅ።

በአማርኛ «ገመና» የሚል ቃል አለን። እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት በዚህ ቃል ነው። የክራንፎርድ ወይዛዝርት አብዛኞቹ እጅ ያጠራቸው ናቸው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ሚስስ ፎረስተር ሻይ ስትጠራ፣ ትንሿ ገረድ ትሪውን የምታወጣው እንግዶቹ ከተቀመጡበት ሶፋ ሥር ነው። እነሱም እንዳላዩ ሆነው ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። ባለቤቲቱ ጧት ሙሉ ኬክ ስትጋግር አርፍዳ፣ ምን እንደሚቀርብ እንደማታውቅ እመቤት ተኮፍሳ ትቀመጣለች። ያስቃል። ካፒቴን ብራውን የሚባል መኮንን መጥቶ ድህነቱን መንገድ ላይ ጮክ ብሎ ሲናገርማ ከተማው ጉድ ይላል።

እስከዚህ ድረስ ደራሲዋ በግብዝነት ላይ የምትስቅ ይመስላል። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ መልኩን ይለውጣል። ሚስ ማቲን በወጣትነቷ ሆልብሩክ የሚባል ሰው ለጋብቻ ጠይቋት ነበር። የራሱን መሬት የሚያርስ ገበሬ ስለሆነ ለቄስ ልጅ አይመጥንም ተባለና ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ብቻ ቆብ ሠሪዋን፣ ባሏ የሞተባት ሚስስ ጃሚሰን የምታደርገውን ዓይነት ቆብ እንድትሠራላት አዘዘቻት። ሜሪም ገባት፤ ዝም አለች። ሚስ ማቲ ወዳጅ እንዳትይዝ ከልክላት ለነበረችው ለገረዷ ለማርታ የፈቀደችላትም ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ዝምታው ግብዝነት ነው ማለት ያስቸግራል።

ዋናው ፈተና የመጣው ባንኩ ሲወድቅ ነው። ሚስ ማቲ የባንኩ ባለአክሲዮን ናት። አንድ ቀን ከሱቅ ገብታ ልብስ ስትመርጥ፣ አንድ ገበሬ የዚያን ባንክ የአምስት ፓውንድ ወረቀት አውጥቶ ባለሱቁ አልቀበልም ይለዋል። እሷ ለልብሷ የያዘችውን አምስት የወርቅ ገንዘብ ለገበሬው ሰጥታ ዋጋ ቢሱን ወረቀት ወሰደች። ያስገደዳት ሕግ የለም። ብዙም ሳይቆይ የባንኩ መዘጋት ተረጋገጠ፤ እሷም ባዶ እጇን ቀረች ማለት ይቻላል።

ያኔ ወይዛዝርቱ በምሥጢር ተሰበሰቡ። እያንዳንዳቸው በየዓመቱ የሚያዋጡትን በወረቀት ጽፈው፣ አሽገው፣ ለሜሪ ሰጧት። ሚስ ማቲ እንዳታውቅ ነው ይህ ሁሉ። ያቺ ትሪዋን ከሶፋ ሥር የምታስወጣው ሚስስ ፎረስተር እንኳ በዓመት መቶ ፓውንድ ከማይሞላው ገቢዋ ከሃያ አንዱን እጅ ሰጠች።

እንግዲህ ነገሬ ይኸው ነው። የራስን ገመና መደበቅ አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ገመና መሸፈን ሌላ ነው። ሰዎች ሁለቱን እያምታቱ መጽሐፉን ይንቃሉ። ጋስኬል ግን ሁለቱ ከአንድ ልማድ እንደሚወለዱ አሳይታለች። በሻይ ግብዣው ላይ እንዳላዩ መሆንን የተለማመዱ ሴቶች፣ ቁርጥ ቀን ሲመጣ ወዳጃቸውን ሳያዋርዱ መርዳት ቻሉ። የአንድ ትንሽ ከተማ ሴቶች ያለ ሕግና ያለ መሥሪያ ቤት እርስ በርስ እንዴት ተደጋግፈው እንደሚኖሩ ማሳየት፣ ከፋብሪካ አድማ ያነሰ ርእስ አይደለም።

ሆኖም ደራሲዋን ሙሉ በሙሉ አልምራትም። ማርታስ? እመቤቷ ከቤት እንዳትወጣ ብላ፣ ለሠርግ ያልተዘጋጀውን ጄምን ጎትታ አምጥታ «አሁኑኑ እንጋባ፤ እሷም ከእኛ ጋር ትኑር» ያለች እሷ ናት። ከሁሉም ትልቁን የሰጠችው እሷ ሆና ሳለ የእሷ ስጦታ በታሸገ ወረቀት አልተጻፈም። ወይዛዝርቱ ሲሰጡ እናለቅሳለን፤ ገረዲቱ ስትሰጥ እንድንስቅ ተደርገናል። የገረድ ችግር በከተማዋ ዘንድ ገመና እንኳ አይባልም፤ የሚሸፍነው ሰው የለውማ!

መጨረሻውም አላረካኝም። ሚስ ማቲ በሳሎኗ ሻይ መሸጥ ጀምራለች። ከመጀመሯ በፊት እኮ ንግዱን እጎዳበት ይሆን ብላ ባለሱቁን ሚስተር ጆንሰንን ጠይቃው ነበር። ከመጽሐፉ ሁሉ ያማረው ክፍል ይህ ነው። ምን ያደርጋል፣ የጠፋው ወንድሟ ፒተር በቅኝ ግዛት ከተያዘችው ህንድ ገንዘብ ይዞ ይመጣና ሱቁ ይዘጋል። ያ ገንዘብ በማን ላብ እንደተገኘ የሚጠይቅ የለም። ሴቶቹ በገዛ እጃቸው የፈቱትን ችግር ወንድ መጥቶ እንደገና እንዲፈታው ለምን አስፈለገ?

መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ በሁለት ማታ ያልቃል። አንብቡትና በማርታ ጉዳይ ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ፣ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ።