በመዳብ ላይ የተቀረጸችው አይስላንድ

ካርታ ሠሪው አብርሃም ኦርቴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1590 በአንትወርፕ ያሳተመውን የአይስላንድ ካርታ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ባሕሩ ነው። አስፈሪ የባሕር አውሬዎች ደሴቲቱን ከበዋታል፤ በፊደል ተለይተው ምንነታቸው ከካርታው ጀርባ ተጽፏል። በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ድቦች ይታያሉ። በየብሱ ላይ ደግሞ የሄክላ እሳተ ገሞራ ነበልባል ይተፋል።

ይህ ሁሉ የወጣው ከመዳብ ሰሌዳ ነው። ቀራጩ ጫፉ በሾለ ብረት መዳቡን እየፋቀ ተራራውንም ጽሑፉንም ገልብጦ ይቀርጻል። ቀለም በጭረቶቹ ውስጥ ይሞላል፤ የሰሌዳው ገጽ ተወልውሎ ይጸዳል፤ የረጠበ ወረቀት ከላይ ተደርጎ በማተሚያ ይጨመቃል። የሳተች መስመር በቀላሉ አትታረምም። ቀራጩ ይህን እያወቀ ለመርከበኛ መንገድ የማያሳየውን የአውሬ ጥርስና ክንፍ እንዲያ ተጠንቅቆ መቅረጹ እጅግ ያስደንቀኛል።

የባሕር ዳርቻው ቅርጽ ዛሬ ከምናውቀው ይለያል፤ ለዘመኑ ግን በቦታ ስሞች የበለጸገ ካርታ ነበር። ምንጩ በአይስላንድ የሆላር ጳጳስ የነበረው ጉድብራንዱር ቶርላክሶን እንደሆነ ይታመናል።

ካርታውን ለማየት ዕድል የምታገኙ ሁሉ፣ በእጅ ቀለም የተቀባውን ቅጂ ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ያልተቀባውንም ፈልጉ፤ የቀራጩ እጅ ጥርት ብሎ የሚታየው በእሱ ላይ ነው።