ከገና በፊት ያለው ገና

የገናን ዕለት ጨዋታ ብዙ ሰው አሞግሶታል። እኔ የምወደው ግን ታኅሣሥ 29 ከመድረሱ በፊት በቢቸናና በሞጣ ገጠር እረኞች የሚጫወቱትን ማሟሟቂያ ነው።

ጤፉ ታጭዶ ሲከመር፣ ከብቱ ባዶው ማሳ ላይ ሲለቀቅ፣ የልጆች ዓይን ዛፍ ዛፉን ያያል። ጫፉ በተፈጥሮው የተቆለመመ ቅርንጫፍ ያገኘ ልጅ ለባልንጀራው እንኳ አይናገርም፤ ድምፁን አጥፍቶ ይቆርጠዋል። ያላገኘው እርጥብ እንጨት በእሳት ለብልቦ ያጎብጣል። ከእንጨት የተጠረበች ጥንግ ከተገኘች ሌላ ምን ያስፈልጋል? የላይኛው መንደር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላው ይሰለፋል፤ ዓላማው ጥንጓን ወደ ባላጋራ ወሰን ማሻገር ነው። ቁጥር የለም፤ ዘግይቶ የመጣ ወደጎደለው ወገን ይገባል። ፊሽካም የለም፤ ዳኛው ጩኸት ነው።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና ጨዋታ ደንብ አውጥቶ ያወዳድራል፤ መልካም ነው። ለእኔ ግን ሜዳው ሲሰመር አንድ ነገር ይጎድላል። የእረኞቹ ማሟሟቂያ ዋንጫ ኖሮት አያውቅም፤ ስለዚህ የሚቀማውም የለም።

በእነዚህ ሳምንታት ማን ግራኝ እንደሆነ፣ ማን ለቅልጥሙ እንደሚሳሳ ይለያል። በበዓሉ አባወራዎቹ ሲገቡ፣ ልጆቹ የማንን ዱላ መሸሽ እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ጨዋታው የሚያበቃው አንዷ ላም የሰው ጤፍ ክምር ውስጥ ስትገባ ነው።