ባርኔጣውና ስርዝ ድልዙ

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ባለመስተዋት ቁም ሳጥን አሠርቶ የታወቁ ደራሲዎቻችንን ባርኔጣ፣ ብዕር፣ መነጽርና ከዘራ ከየቤተሰቡ እየለመነ እንዲያሰባስብ ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ጭብጨባ አግኝቷል። እኔ ሳላጨበጭብ ቀርቻለሁና ምክንያቴን እዚህ ላስረዳ። ደራሲ አይከበር ማለቴ አይደለም። ለመሆኑ የደራሲ ባርኔጣ ስለ ድርሰቱ ምን ይነግረናል? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በእንግሊዝ አገር፣ በስትራትፎርድ ከተማ፣ ሼክስፒር ይኖርበት በነበረው ግቢ ውስጥ እሱ ራሱ ተከለው የሚባል አንድ የእንጆሪ ዛፍ ነበር። ቤቱ በኋላ ፍራንሲስ ጋስትሬል በሚባል ቄስ እጅ ገባ። ቄሱ ጎብኚ ቢበዛበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1756 ዛፉን አስቆርጦ ጣለው። (ከዚህ በኋላም የውጭ አገር ዓመቶችን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አብዛኛውን ግንድ ቶማስ ሻርፕ የሚባል ሰዓት ሠሪ ገዛና ዋንጫ፣ ሣጥን፣ የሱረት ማስቀመጫ እየቀረጸ ዘመኑን ሙሉ ሸጠ። ዕቃው ከመብዛቱ የተነሣ ሰው «ከአንድ ዛፍ ይህ ሁሉ እንጨት ከየት መጣ?» ማለት ጀመረ። ሻርፕም በ1799 ሊሞት ሲል «እውነተኛው ዛፍ ነው» ብሎ ምሎ ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ። ወይ ጉድ!

ሰውየው አታልሎ ይሁን አይሁን አያስጨንቀኝም። እኔን የሚገርመኝ ገዢው ነው። እውነተኛው እንጨትም ሐሰተኛው እንጨትም እኩል አስደስተውታል። በሐምሌት መሐል አንዲት ሐሰተኛ ስንኝ ብትገባ ግን አንባቢና ሐያሲ መቶ ዓመት ይሟገቱባታል። ገዳም የተሳለመ ሰው እምነት ቋጥሮ ሲመለስ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ፈውስ ነው። የሼክስፒርን እንጨት ኪሱ የከተተው ሰው ምን ፈለገ? ብትጠይቁት «የሼክስፒር ነው» ከማለት በቀር መልስ ያለው አይመስለኝም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ገበያው ደርቷል። የጄን ኦስተንን ቀለበት በ2012 አንዲት አሜሪካዊት ዘፋኝ በለንደን ጨረታ ከ150 ሺህ ፓውንድ በላይ ከፍላ ገዛችው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ከአገር አይወጣም ብሎ አገደና ገንዘብ ተዋጥቶ ደራሲዋ በኖረችበት ቤት ለተቋቋመው ሙዚየም ተመለሰ። የትሩማን ካፖቴ የአስከሬን አመድ እንኳ በ2016 በሎስ አንጀለስ በ43,750 ዶላር ተሸጧል። ስለ አመዱ ብዙ ማለት አልፈልግም።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ የኮርማክ ማካርቲ የጽሕፈት መኪና ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ይህችን ኦሊቬቲ በ1963 ከመያዣ ቤት በ50 ዶላር ገዛት። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለዶቹን ሁሉ፣ እሱ እንደገመተው አምስት ሚሊዮን ያህል ቃላት፣ በእሷ ላይ መታ። በ2009 ስታረጅበት ለጨረታ ቀረበችና 254,500 ዶላር አወጣች፤ ገንዘቡም ለአንድ የሳይንስ ምርምር ተቋም ተሰጠ። ታዲያ ደራሲው ምን አደረገ? አንድ ወዳጁ ያንኑ ዓይነት ሌላ መኪና ከ20 ዶላር ባነሰ ገዝቶ ሰጠውና ሥራውን ቀጠለ። ለጸሐፊው መኪናዋ መኪና ናት። የሩብ ሚሊዮን ዶላር ዕቃ ያደረጋት ገዢው ነው። አሁን ቁልፎቿን ብትነኩ አንድም ዓረፍተ ነገር አትነግራችሁም። ተሰርዞ እንደገና የተጻፈው ረቂቁ ግን በቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል፤ ማንም ተማሪ ሄዶ «ይህን ቃል ለምን አወጣው?» ብሎ ሊመረምረው ይችላል።

ልዩነቱን በአንድ ቤት ውስጥ ማየት የሚፈልግ ኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በርግ የሚባለው ስብስብ ጋ ይሂድ። እዚያ አንድ የደብዳቤ መክፈቻ አለ። እጀታው የድመት እግር ነው! የቻርልስ ዲከንስ ድመት ቦብ በ1862 ሲሞት የደራሲው የሚስት እህት እግሩን አስደርቃ ከዝሆን ጥርስ ስለት ጋር አሠራችው። ሰው ያየዋል፤ ይስቃል፤ ያልፋል። በዚያው ስብስብ ውስጥ የቲ. ኤስ. ኤልየት «ዌስት ላንድ» ረቂቅ ይገኛል። ኤልየት በ1922 ጆን ክዊን ለሚባል ጠበቃና ሰብሳቢ ነበር የላከለት። ክዊን ሞተ፤ ወረቀቱ ጠፋ ተባለ፤ ኤልየትም እንደጠፋ በማመን በ1965 አረፈ። ቤተ መጻሕፍቱ እንዳለው የገለጸው በ1968 ሲሆን በ1971 ከነስርዝ ድልዙ ታትሞ ወጣ። ያን ጊዜ አንባቢ ምን አየ? ዛሬ ሁሉ የሚያውቀው የግጥሙ መክፈቻ መጀመሪያ መክፈቻ አልነበረም፤ ከፊቱ ሙሉ ገጽ ነበረና ተሰረዘ። ኤዝራ ፓውንድ በእርሳሱ የባሕሩን ጉዞ ከላይ እስከ ታች ቀርጥፎ ጥሎታል። የኤልየት ሚስት ጽሑፍም በኅዳጉ ላይ አለ። ብቻውን ከተቀመጠ ሊቅ አፍ እንደወረደ የምንቆጥረው ግጥም የሦስት ሰው ክርክር ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ሰብሳቢውን ላመስግነው። ክዊን ባይሰስት ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ጠቤ ከመሰብሰብ ጋር አይደለም፤ ከሚሰበሰበው ነገር ጋር ነው።

«ባርኔጣው እኮ አንባቢ ይጠራል» የሚሉኝ አሉ። ይጠራል? ስድስት ኪሎ ሙዚየም ውስጥ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ይታያል። ንጉሡንም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን አሳትመዋልና ለጊዜው ከጸሐፊዎች እንቁጠራቸው። ከመታጠቢያው ገንዳ ፊት ቆመን አንገታችንን የምናሰግገው እኛ፣ መጽሐፉን ያነበበ እጁን ያውጣ ብንባል ስንቶቻችን እናወጣለን?

ፑሽኪን ላይ ስደርስ ግን ትንሽ እለሳለሳለሁ። ቅድመ አያቱ ሐበሻ ነው ብለን ስለምንወደው ብቻ አይደለም (የጋኒባል ትውልድ ከወዴት እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል)። ፑሽኪን ደብዳቤ የሚያትምበት ቀለበት ነበረው። ሲሞት ለባለቅኔው ዡኮቭስኪ ደረሰ፤ የዡኮቭስኪ ልጅ ለቱርጌኔቭ ሰጠው፤ ቱርጌኔቭ ደግሞ ከእኔ በኋላ ወደ ቶልስቶይ፣ ከቶልስቶይም ለሥነ ጽሑፍ ወደሚገባው ሰው ይተላለፍ ብሎ ተመኘ። ምኞቱ ደስ ይላል፤ ዕቃው የአደራ ምልክት ሆኗልና። የሆነው ግን ሌላ ነው። ቱርጌኔቭ በ1883 ሲሞት ቀለበቱ ሙዚየም ገባ፤ በ1917 ግርግር ጊዜ ተሰረቀ። የቀረው ማኅደሩና በሰም ላይ ያረፈው ማኅተም ነው። ቀለበቱ በመጥፋቱ ከፑሽኪን ግጥም አንድ ስንኝ አልጎደለም።

ወደ ቁም ሳጥናችን ልመለስ። በእኛ አገር ደራሲ ሲሞት ባርኔጣውን ቤተሰቡ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ አይጠፋም። የሚጠፋው ወረቀቱ ነው። ረቂቁ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር በኪሎ ይሸጥና ሱቅ ውስጥ ስኳር ይጠቀለልበታል። በንጉሡም በደርግም ዘመን ድርሰት ሳንሱር ሳያየው አይታተምም ነበር። የሳንሱር ሠራተኛ እርሳስ ያረፈበት አንድ የታይፕ ገጽ ብናገኝ ስለዚያ ዘመን ልብ ወለድ ከአሥር ባርኔጣ የበለጠ እንማርበታለን፤ ደራሲው የቱን ፈርቶ ራሱ ሰረዘ፣ የቱን ተሰረዘበት፣ የቱን በዘዴ አሳለፈ የሚለውን። ድምፅም ቢሆን አንዱ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አንባቢ ያልነበረውን ሁሉ አንባቢ አደረገው። ከጥሩ ካሴት ጋር የሐዲስ ዓለማየሁ ከዘራ ለምርጫ ቢቀርብልኝ ካሴቱን ነው የማነሣው።

ደግሞስ ምንም ያልተረፈለትን ምን ልናደርገው ነው? በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከየሱቁ ተለቀመ፤ በዓሉ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መቃብሩ እንኳ አይታወቅም። በመስተዋት ሣጥን ደንብ ከሄድን የእሱ ቦታ ባዶ ሊሆን ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ተደብቆ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በሌላ ወረቀት የተለበጠ፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረ የመጀመሪያው እትም በስንት ሰው ቤት ይኖራል! በየገጹ ላይ ሰው አስምሮበታል፤ ኅዳጉ ላይ ጽፎበታል።

ለክረምት ወደየቤታችሁ ስትገቡ አባትና እናቶቻችሁን ጠይቁልኝ። ረቂቅ፣ ደብዳቤ፣ ካሴት፣ የተሰመረበት መጽሐፍ ካለ፣ ባለቤቱ መስጠት ቢሳሳ እንኳ ለአንድ ቀን ተውሳችሁ አምጡት፤ ቅጂ አንሥተን እንመልሳለን። የማን እንደነበረ፣ ማን እንዳነበበው፣ መቼ እንደተገኘ በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ውስጡ አድርጉ።